በዝንጅብል ጆንያ ላይ ተቀምጬ

ቡናው እስኪወጣ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ወላይታ፣ ቦምቤ ውስጥ ይህን ታሪክ ያልሰማ የለም፤ ከእኔ አፍ የሰማው ግን ጥቂት ነው። የቀረው ሰው የሰማው ከጀልባው ተሳፋሪዎች ተነስቶ በስልክ እየተቀባበለ የመጣውን ነው፤ በመንገድ ላይም አዞ ተጨምሮበታል። አዞ አልነበረም። ነፋስ ነበር፣ ማዕበል ነበር፣ አንድ ጆንያ ደረቅ ዝንጅብል ነበር፣ ጆንያው ላይ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

የእህቴ ልጅ ያገባችው አባያ ሐይቅ ውስጥ ካለው ከጊዲቾ ደሴት ሰው ነው። አርባ ምንጭ ሲማሩ ተዋወቁ፣ ሽማግሌ መጣ፣ ተዳረች፣ ሄደች። ባለፈው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። እናትየዋ፣ ታላቅ እህቴ፣ ጉልበቷን ስለሚያማት ጀልባ ላይ መውጣትና መውረድ አትችልም። ስለዚህ ሐምሌ ሲገባ ጠራችኝና «አንተ ሂድልኝ፤ ወንድ የለንም እንዳይሉን» አለች። እትዬ ካለች አለች ነው። አንድ ባልዲ ቅቤ፣ ሁለት ጠርሙስ ዳጣ፣ አንድ ጆንያ ደረቅ ዝንጅብል አስረክባኝ ቡራኬዋን ጨመረችበት።

እዚህ ላይ ስለ ዝንጅብሉ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቦምቤና ዝንጅብል አብረው ያደጉ ናቸው። እኔ ራሴ የተማርኩበት ደብተር የተገዛው በዝንጅብል ነው፤ እናቴ በረንዳው ላይ አስጥታ፣ አገላብጣ፣ ልጣጩን ፍቃ ለአረካ ገበያ ታደርሰው ነበር። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ግን አጠውልግ የሚሉት በሽታ መጣ። ዛሬ አረንጓዴ ሆኖ ያየኸው ማሳ በሳምንቱ ቢጫ ሆኖ ይተኛል፤ ሥሩን ስትነቅለው ውሃ አዝሎ ይሸታል። ስንት ጎረቤት ማሳውን ወደ በቆሎ መለሰ። ስለዚህ ዛሬ ቦምቤ ውስጥ አንድ ጆንያ ደህና ዝንጅብል ለአማቾች መላክ ቀላል ነገር አይደለም። እትዬ ከየት እንዳሰባሰበችው እኔ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ዝንጅብል ሲሸጥ እንጂ ሲበላ አይቼ ያደግሁ ሰው አይደለሁም፤ ሻይ ውስጥ ካልገባ በቀር አፌ ውስጥ አስገብቼው አላውቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለውን ተረት እናቴ ስትናገረው እሰማ ነበር፤ ስለ ዝንጅብል የተተረተ አልመሰለኝም ነበር።

የአራሷ ወንድም መርከበኛ ነው። ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ጨርሶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማሪታይም አካዳሚ ገባና፣ ዛሬ የውጭ ሰዎች የጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ይሠራል። ወደብ ሲደርስ ይደውላል። ልሄድ መሆኑን ሲሰማ ከሩቅ አገር ደወለና «አጎቴ፣ አባያ ላይ በጠዋት ካልሆነ እንዳትሳፈር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል» አለኝ። መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይግላል፤ የጋለው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሐይቁ በኩል ሌላ አየር ይሮጣል፤ ግራና ቀኝ የስምጥ ሸለቆው ተራራ ስላለ ነፋሱ እንደ ቦይ ውሃ በርዝመቱ ይወርዳል። አባያ ደግሞ ርዝመቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ስፋቱ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከእኛ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ትልቁ እሱ ነው። ነፋስ ያን ያህል ሜዳ ካገኘ ጉልበት ያበጃል። ይህን ሁሉ አስረዳኝ። እኔም «እሺ፣ እሺ» አልኩት። ልብ ብዬ ያዳመጥኩት ግን የስልኩ ሂሳብ በእሱ በኩል እንደሚቆጠር ነው፤ እንዳይበዛበት ብዬ ቶሎ ዘጋሁት።

ከቦምቤ ወጥቼ ሶዶ አደርኩ። በአሥራ አንድ ሰዓት ሌሊት ተነስቼ መኪና መያዝ ነበረብኝ። ነቅቼ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ግን ሶዶ አድሮ ቁርጥ ሳይበሉ መውጣት፣ በዚያ ላይ የወላይታ ዳጣ ሳይጠቅሱ መሄድ፣ አልሆነልኝም። ሥጋ ቤቱ እስኪከፈት ጠበቅሁ። ከዚያም በላሁ፤ በጥድፊያ አይደለም፤ አረፍ ብዬ፣ ከማላውቀው ሰው ጋር ስለ ማዳበሪያ ዋጋ እያወራሁ ነው የበላሁት። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ። ምዕራብ አባያ፣ ብርብር ከመኪና ስወርድ ከሰዓት ሆኗል። ባልዲና ጆንያዬን አስይዤ ሐይቁ ዳር ስደርስ ስምንት ሰዓት ነበር።

ቦምቤ ሐምሌ ጭጋግና ጭቃ ነው፤ እዚያ ግን ቆላ ነው፣ ፀሐዩ ይፋጃል። ሐይቁን አየሁት፤ እንደሚባለው ቀይ ነው፤ ከየወንዙ የገባው ደቃቅ አፈር ሳይዘቅጥ ተንሳፍፎ ስለሚቆይ ውሃው የጭቃ ቤት ግድግዳ ይመስላል። ረጋ ብሎ ተኝቷል። ሞተር ያላት የእንጨት ጀልባ ቆማለች፤ ስድስት ሰባት ሰው ከገበያ የገዛውን ይዞ ይጠብቃል። ጀልበኛው ወጣት ነው። አየኝ፣ ጆንያዬን አየ፣ ወደ ደቡብ ሰማዩን አየና «ጋሼ፣ ነፋሱ ሊነሳ ነው። እዚሁ ይደሩና ነገ በማለዳ እንሂድ» አለኝ በትህትና። እኔ ግን አማቾቼ ዛሬ እንደሚጠብቁኝ፣ አራስ እንደምጠይቅ፣ ከቦምቤ ድረስ እንደመጣሁ ነገርኩት። ሌሎቹም መሄድ ይፈልጉ ነበር፤ ዕድሜዬን አክብሮ እሺ አለ፤ «አሁኑኑ ከተነሳን እንደርሳለን» አለ።

አሁኑኑ አልተነሳንም። ለጆንያው ለብቻ እንድከፍል ሲጠይቀኝ ክርክር ጀመርኩ። ጆንያ ሰው ነው ወይ? ጆንያ ወንበር ይይዛል ወይ? ግማሽ ሰዓት ተከራከርኩ። የተከራከርኩበት ብር አንድ ኪሎ ስኳር አይገዛም። ሰዉ ጀልባው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እየመታው ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በመጨረሻ ጀልበኛው «ተዉት፣ ይግቡ» አለ፤ እኔም አሸነፍኩ ብዬ ገባሁ።

ላይፍ ጃኬት ሰጡኝ። ፀሐይ ያነጣው ብርቱካናማ ነው፤ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። እኔ የለበስኩት ደግሞ ለአማቾች ብዬ ያሰፋሁት አመድማ ኮት ነው፤ ከላዩ ላይ ያንን መደረብ አልሆነልኝም። አጥፌ ለመቀመጫ አደረግሁት። ጀልበኛው «ይልበሱት ጋሼ» አለ፤ «እሺ» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ደገመው፤ እኔም ደገምኩ። የምቀመጥበትንም ራሴ መረጥኩ፤ ሁሉም መሃል ላይ ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ እኔ አፍንጫዋ ላይ፣ ጆንያዬን አመቻችቼ፣ እንደ ሚዜ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። እዚያ ጋ እይታው ያምራል።

ሩብ ሰዓት ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ ከሩቅ ውሃው ላይ አንድ ጥቁር መስመር አየሁ። የዳመና ጥላ መሰለኝ። መሃል የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አጥብቀው አሰሩ፤ አንዱ ልጅ የዘይት ጀሪካን ቆርጠው የሠሩትን መቅጃ አነሳ። ማንም ምንም አልተናገረም። ያ ዝምታ ነው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ያለው።

ነፋሱ ሲደርስ መጀመሪያ ባርኔጣዬን ገፋው፤ ያዝኩት። ቀጥሎ ሞገዱ መጣ። የአባያ ሞገድ እንደ ውቅያኖስ ረጅምና ለስላሳ ሆኖ አያሻቅብም፤ ሐይቁ እምብዛም ጥልቅ ስላልሆነ አጭር፣ ቀጥ ያለና ቶሎ ቶሎ የሚደራረብ ነው። አንዱ ሲያወጣህ ሁለተኛው ከሥርህ ይሸሻል፣ ሦስተኛው ፊትህን ይመታሃል። እኔ ደግሞ አፍንጫዋ ላይ ነኝ፤ ጀልባ ሲናጥ ከሁሉ በላይ የሚወጣና የሚወርደው ያ ቦታ ነው። ዝናብም ጨመረ። ጀልበኛው ሞተሩን ዝቅ አድርጎ አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ አዞረ፤ ደሴቱ በቀኛችን ቀረ። መንገድ የጠፋበት መሰለኝ። ተነስቼ ቆምኩና፣ አዎ ቆምኩ፣ በዚያ ሞገድ ላይ፣ «ደሴቱ በዚያ ነው! መልሰን!» ብዬ ጮኽኩ።

«ኡታ!» አለኝ።

በወላይትኛ ተቀመጥ ማለት ነው። ጋሼ የለ፣ አንቱ የለ። ልጄ የሚሆን ወጣት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እንደ ፍየል ጠባቂ ጮኸብኝ። ተቀመጥኩ። ትክክል ነበር፤ አሁን ሳስበው ቃሉን ከሰው ሁሉ ፊት ቢደግመው እቀበለዋለሁ። ጎኗን ለማዕበሉ ብትሰጥ ኖሮ ትገለበጥ ነበር፤ እኔ ቆሜ ሳወዛውዛት ደግሞ ማዕበሉን እያገዝኩት ነበር።

ከዚያ የሶዶው ቁርጥ ተነሳ። እንዴት እንደጀመረ ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ማዛጋት ነው፤ ቀጥሎ ምራቅ አፌን ሞላው፤ ቀጥሎ ግንባሬ ላይ ላብ፣ በዚያ ብርድ። ለአማቾች የለበስኩትን ኮት ላድን ብዬ ባርኔጣዬን አወለቅሁና እሱ ውስጥ አስመለስኩ። ሁለተኛው ሲመጣ ባርኔጣው ሞልቶ ነበር። ወደ ውጭ ልድፋ ስል ነፋሱ መለሰው፤ ኮቴ ላይ፣ ሱሪዬ ላይ፣ ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ ጉልበት ላይ። ልጁ ምንም አላለኝም፤ ውሃውን መቅዳቱን ቀጠለ። ያ ልጅ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከመሃል አንዲት አሮጊት እናት በጉልበታቸው እየዳሁ መጡ። በዕድሜ ከእትዬ ይበልጣሉ፣ በክብደት ግን የእኔን ግማሽ አይሆኑም። ቀበቶዬን ይዘው ወደ መሃል ጎተቱኝ፤ ጆንያውም አብሮ መጣ፤ ወለሉ ላይ አስቀመጡኝ። ያን ጃኬት ከእግሬ ሥር አንስተው እሳቸውና ልጁ አለበሱኝ፤ እጄን አንድ በአንድ እያስገቡ፣ ገመዱን እያሰሩ፣ እንደ ሕፃን። በነጠላቸው ጫፍ አፌን ጠረጉልኝ። የደሴቱ ሰው ባይሶ የሚባል የራሱ ቋንቋ አለው፤ ለእኛ ለወላይቶች የሚቀርብ አነጋገር ያላቸውም አሉ። እኒህ እናት በእኛው ወላይትኛ ነው ያናገሩኝ፦ «ልጄ፣ ምን ይዘሃል እዚህ ጆንያ ውስጥ?»

«ዝንጅብል።»

አንድ ጊዜ አዩኝ። ያ አተያይ ንቀት የለበትም፤ ማዘን ነው። ጆንያውን በጥርሳቸው ቀደዱ፣ አንድ ቁራጭ አወጡ፣ በቀሚሳቸው ጠረጉና አፌ ውስጥ ከተቱ። «አኝክ። ውሃውን ዋጥ። ዓይንህን ከጀልባዋ አንሳና ያን ተራራ እይ።» የጋሞን ተራራ በጭጋግ መሃል አሳዩኝ። አፌ ተቃጠለ፤ እንባዬ ወረደ። «አሁን ልጆችህን ከታላቁ ጀምረህ ቁጠርልኝ» አሉኝ። ሁለቱን ጠራሁ። ሦስተኛዋ ጠፋችብኝ። የገዛ ልጄ ስም። ተራራውን እያየሁ፣ ዝንጅብሉን እያኘክሁ፣ ስሟን ስፈልግ ብዙ ሞገድ አለፈ። ሳገኘው ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ ጀልባው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «እሰይ» አለ።

የአንድ ሰዓት መንገድ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ዳር ስንደርስ ነፋሱ በረድ ብሎ ነበር፤ እግሬ ግን አልታዘዝ አለኝ። ጀልበኛው ጀርባውን ሰጠኝ። «ይያዙኝ ጋሼ» አለ፤ አንቱታዬ ተመልሷል። በሰው ጀርባ ታዝዬ፣ ብርቱካናማ ጃኬት ለብሼ፣ ባዶ ራሴን ከውሃው ወጣሁ። ዳር ላይ አማቾቼ ነጭ ለብሰው ተሰልፈዋል። የሕፃኑ አያት ሊስሙኝ ቀረቡ፣ ሸተታቸው፣ ግን ሳሙኝ። ሦስት ጊዜ ሳሙኝ። ይህን ውለታ አልረሳም።

የእትዬ ቅቤ ክዳኑ ተከፍቶ ከሐይቁ ውሃ ጋር ተደባልቋል፤ ቀይ ሆኗል። ዳጣው ተርፏል። ዝንጅብሉ ርሷል፣ አንድ ጥጉ ተቀዷል። አራሷ ቤት ስገባ ሌላ አልጋ ተነጥፎልኝ ተኛሁ፤ አራስ ጥየቃ የመጡ ሴቶች ከበሩ እንደገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት እኔን ሆነ። «እግዜር ይማርዎ» እያሉ ወደ እኔ፣ ቀጥሎ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ወደ እሷ። ለእሷ የተሠራው አጥሚት ሲቀርብ «ለአጎቴም ቅዱለት» አለች። ጠጣሁት። የሐምሳ ስምንት ዓመት ሰው የአራስ አጥሚት ጠጣሁ፤ ጣፈጠኝም፤ ደገምኩ።

ማታ ወንድሟ ደወለ። ሰምቷል፤ ከእኔ በፊት ቦምቤም ሰምቷል። አልተቆጣኝም። ማዕበል ማንንም እንደማያፍር አስረዳኝ። ጆሮ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቅ ነገር አለ፤ እሱ «ተንቀሳቀስን» ሲል ዓይን ደግሞ ከእግር ሥር ያለውን ወለል አይቶ «ተቀምጠናል» ይላል፤ አንጎል በሁለቱ መሃል ሲጨነቅ ሆድ ይታመማል። ሩቅ ያለ የማይነቃነቅ ነገር ማየት የሚረዳው ለዚህ ነው። ቻርልስ ዳርዊን የሚባለው ታላቅ ሊቅ ቢግል በምትባል መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1836 ዓለምን ሲዞር መላ ጉዞው ላይ ባሕር ያሳምመው ነበር። ኔልሰን የሚባለው የእንግሊዝ የባሕር ጀግናም እንዲሁ። ሀብታሞች ለሽርሽር የሚሳፈሩባቸው ትልልቅ መርከቦች ከሆዳቸው ግራና ቀኝ እንደ ዓሣ ክንፍ የሚዘረጋ ብረት አላቸው፤ መርከቧ እንዳትወዛወዝ ይይዛታል። ማዕበሉ ሲበረታ ግን እነሱም ፍጥነት ቀንሰው አፍንጫቸውን ለሞገዱ ይሰጣሉ፤ የእኛ ጀልበኛ እንዳደረገው። ተሳፋሪው ደግሞ መሃል፣ ዝቅ ያለው ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ቀለል ያለ ምግብ ይበላል፤ ዝንጅብል ይሰጠዋል።

«ምን?» አልኩት።

«ዝንጅብል። የዴንማርክ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት 80 የባሕር ኃይል ዕጩ መኮንኖች ላይ ሞክረውታል፤ ማስመለሱን ቀንሶላቸዋል። እኛ ሞተር ክፍል ውስጥ በኪሳችን ይዘን ነው የምንገባው። እናቴ ለእኔም ትልክልኛለች፤ አልነገረችህም?»

አልነገረችኝም፤ ወይም ነግራኝ እኔ አላዳመጥኩም። ስልኩን ዘግቼ ጆንያውን አየሁት፤ ከአልጋው አጠገብ ተሰጥቶ ይደርቃል። ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ሥር ሸክፌያለሁ፣ መዝኛለሁ፣ ሸጫለሁ፤ ምን እንደሚሠራ ያስተማሩኝ ግን ዝንጅብል የማይበቅልበት ደሴት ላይ የሚኖሩ እናት ናቸው። በማግሥቱ ቤታቸውን አስጠይቄ ግማሹን ጆንያ ወሰድኩላቸው። እምቢ አሉ። ለመንኳቸው፤ የጀልባውን ሰው ሁሉ እንዲያስታምሙበት ብዬ ለመንኳቸው፤ ያኔ ተቀበሉ።

በአራተኛው ቀን ተመለስኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሌሊት ነው የነቃሁት፤ ቁርሴ አንድ ቁራሽ ቂጣ ነበር። ጃኬቱን ገና ዳር ላይ ሳለሁ ለበስኩ፤ መሃል፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉንጬ ውስጥ ዝንጅብል አለ። ባለፈው የተከራከርኩበትን የጆንያ ሂሳብም ሳልጠየቅ ጨምሬ ከፈልኩ። ጀልበኛው ትንሽ አፍሮ «ያን ቀን ጮኽኩብዎ ጋሼ» አለ። «ደግ አደረግህ» አልኩት፤ ከልቤ ነው። ሐይቁ እንደ መስታወት ነበር፤ ጉማሬዎች ዳር ዳር ላይ ጆሮአቸውን ያርገበግባሉ፤ ሃምሳ ደቂቃ አልሞላም።

ኮቱን እትዬ ሁለት ጊዜ አጥባዋለች፤ ሽታው ለቋል፣ ቀዩ ግን አልለቀቀም። ሕፃኑ በቅርቡ ዓመት ይሞላዋል፤ እንደገና እሄዳለሁ፤ እትዬም ዘንድሮ ጉልበቷ ተሽሏት አብራኝ ልትሄድ ነው። አብሮን የሚሄድ ካለ ሶዶ አንዘገይም፤ ንጋት ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ሐይቁ ዳር ይጠብቀን። ዝንጅብሉን እኔ ይዣለሁ፤ ጃኬቱን ግን ከመሳፈሩ በፊት ይልበስ።